«እንደ ሶልያና አድርጊልኝ»

ቶርንተን፣ ዴንቨር አጠገብ፣ ቅዳሜ ጠዋት

ከቤት የወጣሁት ሶልያናን አውሮራ ሆስፒታል የተኙት አያቷ ጋ ለማድረስ ነው። እናቷ ትዕግሥት ዴንቨር ሆቴል ውስጥ ትሠራለች፤ ፈረቃዋን የሚይዝላት አጣች። «ቲቸር፣ አባዬ በጣም ደክሟል። ንባቧን መስማት ይፈልጋል፤ እባክሽ ውሰጂልኝ» አለችኝ።

እኔ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ለልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ሶልያና እዚሁ የተወለደች የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ከተማሪዎቼ መዝሙረ ዳዊትን እንደሷ የሚያነብ የለም። ይዣት ስወጣ ኮርቼ ነበር።

መኪናዬ ጋራዥ ስለነበረች በባቡር ሄድን። የኮሜርስ ሲቲ መጋዘኖችና የተደረደሩ ከባድ መኪኖች በመስኮት አለፉ። የሰሞኑ የሰደድ እሳት ጭስ ተራሮቹን ጋርዷቸዋል። ዴንቨር ወርደን ሌላ ባቡር ያዝን። ሶልያና መጽሐፏን ከፍታ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትለማመዳለች።

አውሮራ

ሆስፒታሉ አጠገብ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት የምስር ሾርባ በስምንት ዶላር ገዛሁ። አያቷ አቶ መኮንን ግን አልቀመሱትም። ፊታቸው ከስቷል፤ ልጅቷን ሲያዩ ዓይናቸው በራ።

ሶልያና አልጋው አጠገብ ቆማ አነበበች። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው፤ አንድም ፊደል አልሳተችም። አዛውንቱ እንባቸው ወረደ። ከዚያ እጃቸውን መጽሐፉ ላይ አደረጉና፣

«በቃ፣ አሁን አንቺ አጫውቺኝ። ጓደኛ አለሽ? ስትከፊ ማን ያጽናናሻል?» አሏት።

ሶልያና ፈገግ ብላ «እሺ አባባ» አለች። ከዚያም ምን እንዳሉ ልትጠይቀኝ ወደ እኔ ዞረች። «ቲቸር፣ ዋት ዲድ ሂ ሴይ?»

በእንግሊዝኛ ልነግራት አፌን ስከፍት አቶ መኮንን እጃቸውን አነሡ። «ተዪው የኔ ልጅ። ከራሷ አፍ ልስማ ብዬ ነው።»

ሶልያና ቀላች፤ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። ጥያቄው ገብቷት ቢሆን እንኳ መልሱን በምን ቃል ትናገረዋለች? ሀዘን፣ ጓደኛ፣ ማጽናናት፤ አንዱንም ከአፏ አውጥታ እንድትጠቀምበት አድርጌ አላውቅም።

«በይ እንግዲህ አንብቢልኝ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሷም አነበበች፤ ድምፅዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወደ ቤት

በመልሱ ባቡር ሶልያና መጽሐፏን አልከፈተችም። ቶርንተን ልንደርስ ስንል፣ «ቲቸር፣ ያነበብኩት ምን ሚን ያደርጋል?» አለችኝ፤ ትርጉሙን ልታውቅ ፈልጋ። የተወሰነውን ነገርኳት። አለቀሰች። «ለምን አልነገርሽኝም?» አለች። ስታነብ እሰማታለሁ፣ ስትሳሳት አርማታለሁ፣ በመጨረሻ ጎበዝ እላታለሁ። ማስተማር ማለት ለእኔ ይኸው ነበር።

አቶ መኮንን በዚያው ሳምንት ዐረፉ። ትዕግሥት ቤት ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ሶልያና ክፍሏን ዘግታ ነበር። ከእንግዲህ አማርኛ ክፍል አልሄድም ብላለች አሉኝ። ልጆችን ቁጭ አድርጎ ማስነበብ ብቻውን ቋንቋ እንደማይሰጣቸው ያ ጉዞ አስተምሮኛል፤ እንዴት እንደሚሰጣቸው ግን ዛሬም አላውቅም። እኔም ራሴ ማንበብ የተማርኩት እንደዚያው ነው።

ልወጣ ስል ለቅሶ ከመጡት አንዲት እናት በር ላይ ያዘችኝ። ሶልያና ዳዊት ስታነብ ቤተ ክርስቲያን ሰምታታለች።

«ቲቸር፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ! እሑድ ልጄን አመጣልሻለሁ» አለች እጄን ጨብጣ። «እንደ ሶልያና አድርጊልኝ።»