ወርቁን ይዞ ገባ፣ መርዶውንስ?

ዛሬ እንግሊዝኛ ክላስ ውስጥ "እናትየውስ?" ብዬ ስጠይቅ፣ መምህሯ "እናትየው ታሪኩ ውስጥ የለችም" አለችኝ።

"እኔም የምለው እሱኑ ነው!" አልኳት። (እንግሊዝኛዬ እንደዚያ ቀጥ ብሎ ወጥቶልኝ አያውቅም።)

ያነበብነው ስለ ድሮ ወርቅ ፈላጊዎች የተጻፈ አጭር ልብ ወለድ ነው። ሁለት ጓደኛሞች ከዚሁ ከሲያትል በመርከብ ተነስተው ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። አንዱ በብርድ ይሞታል። ሌላው በረዶ ላይ ጥሎት፣ ወርቁን ይዞ እዚሁ ወደባችን ላይ እየፈነደቀ ይወርዳል። አለቀ። ለሟቹ እናት ማን እንዳረዳት አይናገርም።

ክፍሉ በሙሉ "ጀግና ነው፣ ተስፋ አልቆረጠም" አለ።

አጠገቤ የሚቀመጡት የወሎው ጋሽ ሰይድ ብቻ "ሶ፣ ሳይቀብረው ነው የመጣው? ምኑ ነው ታዲያ ጀግና?" ብለው በአማርኛ አጉረመረሙ።

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሬኒየር ቢች ለምትኖር ጎረቤታችን የወንድሟ መርዶ ሲመጣ፣ ከአገር ቤት የተደወለው ለእሷ ሳይሆን ለእኛ ነው። ኬንት ከተማ ያሉትን ወዳጆቿንም በፔጀር ጠርተን፣ ወደ ሥራ ሳትወጣ በጠዋት በሯ ላይ ተሰበሰብን። ገና ስታየን ገባት። ግን ብቻዋን አልሰማችም።

የቤት ሥራችን "የሰውየውን ጀግንነት ግለጹ" ይላል። አልገልጽም! ከፈለገች ዜሮ ትስጠኝ።

መጨረሻውን ራሴ ቀይሬ እጽፈዋለሁ፦ ሰውየው ከመርከቡ ይወርዳል፤ ወርቁን ሳያስመዝን፣ ሰው አስከትሎ የእናትየውን በር ያንኳኳል።

እናንተስ መርዶ ልትነግሩ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? በሩን ለማንኳኳት እጁን ያነሳው ማን ነበር?