በጎን የተሳለችው ሴት

ልጄ በካርቶን ላይ ሥዕል ስላ ሳሎን ሰቀለችው። ቤታችን በማሽላ አገዳ እግሮች ቆሟል፤ ሰማዩ ከሥሩ ነው፤ አንዲት ግመል አንገቷን በመስኮት አስገብታ ከእንስራችን ውኃ ትጠጣለች። ደጃፉ ላይ ሴት ተቀምጣለች። የነጠላዋን አረንጓዴ ጥለት ሳይ እኔ መሆኔን አወቅሁ። ፊቷ በጎን ነው፤ ዓይኗ አንድ።

በደብራችን ግድግዳ ላይ ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላሉ። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳሉት ይሁዳና አጋንንት ናቸው። ይህንን ለልጄ ያሳየኋት እኔው ነኝ፤ ትንሽ ሳለች እጇን ይዤ።

ከዚያ ወዲህ ጸሎቴ ተበላሸ። ውዳሴ ማርያም እጀምርና መሃል ላይ ይጠፋኛል። ገበያ ወጥቼ የሄድኩበትን ረስቼ ተመለስኩ። ሰማዩ ከሥር መሆኑ አልከበደኝም፤ ብዙ የተገለባበጠ ነገር አይተናል። ግመሏንም ጥም ነው ብዬ አለፍኳት። ዓይኑ ግን ልቤን በላው። ልጄ ከየትኞቹ ቆጠረችኝ?

አንድ ከሰዓት፣ ሙቀቱ በርትቶ በሩን ከፍተን ተቀምጠን ሳለ አላስቻለኝም።

«አንቺ፣ እኔ ምን በደልኩሽ?»

«ምን ሆንሽ እማ?»

«በጎን የሚሳለው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

ሥዕሉን አየች፤ እኔን አየች፤ ሳቋ አመለጣት። «ኧረ በእመቤቴ! ይሁዳ አደረግሁሽ? ይሁዳ ነጠላ ይለብሳል?»

«አትቀልጂ።»

ሳቋን ተወችው። «ወንድሜ በቀረ ጊዜ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ በር ላይ ተቀምጠሽ መንገድ ታዪ ነበር። እኔ እዚህ ነበርኩ። የማየው ጎንሽን ነው። ሌላውን ፊትሽን ከየት አምጥቼ ልሳለው?»

ወንድሟ ለሥራ ዋጃ ከተማ እንደሄደ መንገዱ ተዘግቶበት ወራት ቀርቶ ነበር። አሁን በሰላም ገብቷል፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ጓዳ ተኝቶ ነበር። ስለ እሱ መመለስ ፈጣሪዬን ያላመሰገንኩበት ቀን የለም። ከአጠገቤ ስላልራቀችው ልጄ ግን ለብቻዋ አንድም ቀን ተመስገን አላልኩም ነበር።



«በይ አሁን ዙሪ» አለችኝ። ወረቀትና እርሳስ አመጣች። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ጉንጯ ከስቷል፤ መቼ እንደከሳ አላውቅም። እጄ ነጠላዬን ይነካካል፤ እግሬ አያርፍም።

«አትንቀሳቀሺ!»

«ዝም ብያለሁኮ።»

አስፋልቱ ላይ ሚኒባስ ቆመ። በሩ ተከፈተ፤ ተዘጋ። ሳላስበው አንገቴ ዞረ።

«ይኸው!» አለች እርሳሷን አንስታ። «ኧረ እማ፣ አሁን ደግሞ ማን ቀረብሽ?»

ማንም አልቀረብኝም፤ ስሙ ይመስገን። ፊቴን መለስኩላት።