ፊትና ኋላ በአንድ ወረቀት

ባለቤቴ የመርከብ ሰው ነበር። ነበር ስል እሱ አሁንም አለ፤ የሌለችው መርከቧ ናት። የጦር መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ሲሠራ ኖሮ፣ አገር ቤት መንግሥት ሲለወጥ ከነመርከቧ እዚህ ጅቡቲ መጣ። እሷ ወደብ ላይ ቆማ ስትዝግ ከረመች፣ ከዚያ ተሸጠች፣ ከዚያ ተቆራረጠች። እሱ ቀረ። እኔ ያን ጊዜ ከድሬዳዋ በባቡር መጥቼ ካርቲዬ ሁለት የሚባለው ሰፈር ውስጥ ልብስ እሰፋ ነበር። ሱሪ አሳጥሪልኝ ብሎ መጣ። ሱሪው ረጅም አልነበረም።

ከጥቂት ዓመት ወዲህ ዓይኑ ይደክም ጀመር። ሐኪሙ ቀኙ ሄዷል፣ ግራውም ቀስ እያለ ይከተላል፣ የሄደው አይመለስም አለ። ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ጫማውን እያወለቀ፣ “መርከቧን በእንጨት እሠራታለሁ” አለ። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፣ ትንሽ። ዓይኔ ሳይዘጋ አንድ ጊዜ ሙሉዋን ልያት ነው ያለው። ሞተር ክፍል የሚሠራ ሰው መርከቡን ከውጭ የሚያይበት ጊዜ የለውም፤ ሲገባ ሩጫ፣ ሲወጣ ድካም ነው።

እኔ እንግዲህ እንደሚያስታውሳት አድርጎ ይቀርጻታል ብዬ ነበር። “ከጭንቅላት የወጣ መርከብ አሻንጉሊት ነው፤ ፕላን ይፈለግ” አለ።

ልጃችን ወደብ አጠገብ ዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ነው የምትሠራው። ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ አንድ አሳትማ አመጣች። እሱ ማጉያ መነጽሩን ይዞ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ።

“ይሄ ሁለት ጭስ ማውጫ አለው። የእኛዋ አንድ ነው።”

“አባዬ፣ የሷ ዓይነት ናት ይላል እኮ።”

“የሷ ዓይነት ማለት እሷ ማለት ነው? እህትሽን አግብቶ፣ አንቺኑ ነው ያገባሁት የሚል ሰው አይተሻል?”

“እህት የለኝም።”

“እንግዲያው ዝም በይ።”

ሌላም አመጣች። እሱም የሌላ ሆነ። ችግሩ በኋላ ነው የገባን። መርከቧ መጀመሪያ የአሜሪካኖች ነበረች፤ ለእኛ ሲሰጧት፣ አረብ አገር ለሥራ እንደምትሄድ ልጅ ስሟ ተለወጠ። ፕላኗ ያለው እነሱ ዘንድ ነው፣ በድሮ ስሟ። የድሮ ስሟን ደግሞ ባለቤቴ አያውቀውም። “ሞተሯን ነው የማውቀው” ይላል።

እኔ መዞር እወዳለሁ። የሰፋሁትን ልብስ ራሴ ነው የማደርሰው፤ በሙቀትም ቢሆን እሄዳለሁ፣ ጥላ እየመረጥኩ። መርከቦቹ ሲቆራረጡ ዕቃቸው በየሰፈሩ እንደተበተነ ስዞር አይቻለሁ። ራስ ዲካ አጠገብ አንድ ግቢ ውስጥ ክቡ የመርከብ መስኮት ዶሮ ቤት ላይ ተገጥሟል፤ ዶሮዎቹ በሱ ያያሉ። እንዲያው ሳወራ አንዲት ደንበኛዬ፣ ፔካ 12 ያለ ምግብ ቤት የጓዳው በር የኢትዮጵያ መርከብ በር ነው አለችኝ። ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ።

ፔካ 12 ከከተማው ወጣ ብሎ የእኛ አገር የጭነት መኪና ሾፌሮች የወደብ ተራ እየጠበቁ የሚበሉበት ነው። የምግብ ቤቱ ባለቤት ባልቴት ናት፣ የናዝሬት ሰው። በሩ የብረት ነው፣ ጥግ ጥጉ የዞረ፣ አረንጓዴ ቀለም ተደራርቦበታል። ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ስለካው አንድ ሾፌር ሽሮውን ትቶ ያየኛል።

“እማማ፣ በሩን ሊገዙት ነው?”

“ልብስ ልሰፋለት ነው።”

“ከሰፉለት አይቀር ቀይ ይሁን። አረንጓዴው ሰልችቶናል።”

ሴትዮዋ ሳቀች። “እትዬ፣ ይሄን በር ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከወደብ ሲያመጣው ምን ያደርግልናል ብዬ ተጣልቼዋለሁ። አሁን አይጥ እንኳ አያልፈውም።”

የመርከቧን ስም ጠየቅኳት። የባለቤቴን መርከብ ስም ጠራች። ባለቤቴ እንደሆነ በአፍ ብቻ አያምንም። በሩን በመዳፌ ሳሻሽ ግን ከመቀርቀሪያው በላይ እንደ ጣት የምትሆን ጉብ ያለች ነገር ቀለሙ ሥር አገኘሁ። ሴትዮዋ በቢላ ፋቅ ፋቅ አደረገችው፤ ነሐስ ነው፣ የፈረንጅ ፊደል አለበት። እኔ የአማርኛውን ፊደል ራሱ ከጎረቤት ልጆች ጋር ተቀምጬ ነው የለቀምኩት፤ የፈረንጁን አላውቀውም። ወረቀት አስደግፌ በሰማያዊው የልብስ ጠመኔዬ ላዩን ሄድኩበት። ፊደሉ ነጭ ሆኖ ቀረ።

ልጄ ማታ አነበበችው። የተሠራችበት ቦታና ቁጥሯ ነው። “እማዬ፣ ይሄ እኮ የልደት ወረቀቷ ነው!” አለች። አሜሪካን አገር የድሮ መርከብ ፕላን የሚያስቀምጥ ቤት አለ፤ በዚያ ቁጥር ጻፈችላቸው። መልሱ ቆየ፤ ባለቤቴ በዚህ መሃል ጋዜጣ ማንበብ ተወ። አንድ ቀን ፕላኑ በኢሜይል መጣ፣ ከተማ ውስጥ ትልቅ ወረቀት የሚያትሙ ሰዎች ጋ አሳተምነው። መሬት ላይ ስንዘረጋው አልጋው መነሣት ነበረበት።

አንድ ጭስ ማውጫ አለው። “እሷ ናት” አለ ባለቤቴ። ከዚያ ሻይ ፈለገ።

ቀጭኑን መስመር ማየት ስለማይችል ፕላኑን የማነበው እኔ ሆንኩ። የልብስ ቁርጥ ነው ብዬ ያዝኩት። ከላይ ስትታይ ያለውን ግማሹን ብቻ ሥለውታል፤ ይሄማ በእጥፋት የሚቆረጥ ነው አልኩ፣ ትክክልም ነበርኩ። ሌላው ሥዕል ላይ ደግሞ ጎድኖቿ አሉ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ፣ መሃላቸው ቀጥ ያለ መስመር። ቀኙና ግራው አይመሳሰልም። ሰውም ትከሻው እኩል አይደለም፤ መርከቧም እንዲሁ ሆና ይሆናል ብዬ የቀኙን ለቀኝ ጎኗ፣ የግራውን ለግራ ጎኗ ካርቶን ቆረጥኩ። እሱ በካርቶኑ ልክ እንጨቱን አወጣ፣ ጎድኖቹን አቆመ፣ ቀጫጭኑን ጣውላ በላያቸው ማልበስ ጀመረ። የሙቀቱ ወራት በዚህ አለቀ።

አንድ ቀን ሁለት እጁን በሁለት ጎኗ አድርጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሳት። ተመለሰ፣ እንደገና ዳበሳት።

“አንቺ ሴትዮ፣ ይቺ መርከብ የስንት ወር እርጉዝ ናት?”

“ምን ሆነች?”

“በቀኝ እጄ ፊቷን ይዣለሁ፣ በግራ እጄ ቂጧን። እኩል እየሄዱ ነው።”

ወረቀቱ ላይ አብረን ተንበረከክን። ቀኙ ግማሽ ከፊት ስትታይ ነው፣ ግራው ግማሽ ከኋላ። ጎኖቿ አንድ ስለሆኑ ሁለት ጊዜ ላለመሣል አጣብቀውታል። ሰው ወረቀት ለመቆጠብ ብሎ ፊትና ጀርባን በአንድ ይሥላል? እኔ ቀሚስ እንደዚያ ብቆርጥ ደንበኛ ይደበድበኛል። ይሄን ስለው ሳቀ፤ ከዚያ ጣውላውን አንድ በአንድ መንቀል ጀመረ።

“ዓይንህ ይደርሳል?” አልኩት።

“አላውቅም። ቁረጪ።”

ቆረጥኩ። ሁለተኛው አካሏ ቀጥ ብሎ ወጣ። እሱ በዚያ ጊዜ ሚስማሩን በጣቱ እየፈለገ ነበር የሚመታው። የላይኛውን ቤቷንና ጭስ ማውጫውን ሠርተን ስናቆም ፊቴን የሚያውቀው ስናገር ብቻ ሆኗል።

ጠዋት ላይ በረንዳው በር ላይ፣ ብርሃኑ ከኋላዋ እንዲመጣ አድርጌ አስቀመጥኳት። በር ላይ ሰው ሲቆም ጥቁር ሆኖ ይታየዋል፤ እሷም እንደዚያ ትታየው እንደሆን ብዬ ነው። አንገቱን አዘነበለ፣ ራቅ አለ፣ ቀረብ አለ።

“ጭስ ማውጫዋ ትንሽ ወደ ኋላ ይጋደም።”

ነካ አደረግኩት።

“በቃ።”

ብዙ ቆየ። እኔ ገብቼ ሰሐን አጠብኩ። ስመለስ እዚያው ነው።

የጎደለው ብዙ ነበር። ዙሪያዋን ያለው የብረት አጥር፣ መሰላሎቹ፣ ትንንሾቹ ጀልባዎች፣ የፊተኛው መድፍ። ከመድፉ ጀምሬ ልጨርሰው ብዬ ፕላኑን ልዘረጋ ስል፣

“ለማን?” አለ።

“ላንተ ነዋ።”

“እኔ ያየሁትን አይቻለሁ። ሌላው ወረቀቱ ላይ አለ፤ ወረቀቱ እስካለ አይጠፋም። አንቺ የሰው ልብስ ተከምሮብሻል።”

የድሮ የሥራ ጓደኞቹ ሊጠይቁት ሲመጡ ያነሷታል፣ ያገላብጧታል። መድፏ የት አለ ይላሉ፣ አጥር የሌለው መርከብ ላይ ማን ይቆማል ይላሉ። እሱ አይከራከርም። ወደ በረንዳው በር መልሳችሁ አስቀምጧት ይላቸዋል፤ ካስቀመጧት በኋላ ጥቁር ጥላዋን አይቶ፣ ፊቷ ወደ ቀኝ ይሁን ይላል፣ እነሱም ያዞሯታል።