አሻገርሁት

«ሰው ‹እንዲህ ነው የምናገረው› ቢልህ አትመነው፤ ሳያስብ ሲናገር ስማው» ትለኝ ነበር፣ ሹም አቦ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ አብራኝ የምትከራይ የቋንቋ መምህርት። በየሰዉ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ሰዋስው የምታጠናው ድምፅ እየቀዳች ነው። እኔ እንደ አዲስ አበባ ልጆች «ሄድኩ» ነው የምለው ብዬ ተከራከርኋት። ስልኳ ፊታችን ተቀምጦ ይቀዳ ነበር። መልሳ ስታሰማኝ ሦስት ጊዜ «ሄድሁ» ብያለሁ።

«አየህ ገጣሚው» አለች እየሳቀች፣ «አፍህ አሳጣህ።»

ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ ሄጄ እንድቀዳላት የላከችኝ ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ስለ ሌላ ሰው አንድ ነገር እናገራለሁ፤ ተጠያቂው ወደ ራሱ ያዞረዋል። «በላ» ስል «በላሁ» ወይም «በላኩ» ይላል፤ ይኸው ነው። ዓረፍተ ነገሮቹን የጻፍኋቸው እኔ ነኝ። ደረቅ እንዳይሆኑ የሐይቁን ሥራ አስገባሁባቸው፤ ኮራሁባቸውም።

በዚያ ሳምንት ጀልባው ላይ ሰው አያወራም ነበር። ቁንዝላ ዳርቻ ስልኬን ሳወጣ የቆሙት ሁሉ አንድ በአንድ ዘወር አሉ። እሺ ያሉኝ መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው።

«ሰውየው መረብ ጣለ» አልሁ።

«ጣልሁ።»

«ዓሣ ያዘ።»

«ያዝሁ። ውሸቴን ነው፣ ዛሬስ አልያዝሁም።»

ሳቅን። ጥቂት እንደቆየን እጃቸው መረቡ ላይ ሆኖ አፋቸው ብቻውን ይመልስልኝ ጀመር። መምህሯ የምትፈልገው ይህንኑ ነበር። ፈጠን አልሁ።

«እንግዳውን በታንኳ አሻገረው።»

«አሻገርሁት።»

እጃቸው ቆመ።

«ማን ላከህ?» አሉኝ ዝግ ብለው።

ዓረፍተ ነገሩን ራሴ እንደፈጠርሁት፣ የምንፈልገው የቃሉን መጨረሻ ብቻ እንደሆነ ነገርኋቸው። አላመኑኝም። ለካ የሚፈለግ ሰው አሻግረሃል ተብለው ሁለት ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ ተጠርተው ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ አላሻገርሁም ብለው ምለው ተመልሰዋል። አሁን በገዛ ድምፃቸው፣ በእኔ ስልክ ውስጥ አሻግረውታል።

ሳይታሰብ የወጣ፣ ምንም ያልተነካካ ማስረጃ ነበር። ከዚያ ቀን ቅጂ አንዱንም ሳላስቀር ፊታቸው አጠፋሁት፤ እንዲያዩትም ስልኩን ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት።

«ከዚህስ ጠፋ» አሉ እየመለሱልኝ። «ከራስህስ?»

ስልኩን ኪሴ ከተትሁት። ጀልባው እስኪመጣ ድረስ መረቡን መልሰው አላነሡም፤ እኔን ሲያዩ ቆዩ።