ነጭ ሽንኩርት የተከልንበት ሳምንት

ወንድሜ «አገልግሎት ነው» ብሎ ነው የላከኝ። አገልግሎት የተባለው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ባለ አንድ መኝታ አፓርታማው ሶፋ ላይ እኔን ማንሳት እንደሆነ እሱም፣ ሚስቱም፣ እኔም እናውቃለን። ግን ጴንጤዎች ነንና ሁሉንም ነገር በጌታ ስም ማድረግ እንችልበታለን። የሥራ ፈቃዴ ገና አልመጣም ነበር። ከበልትስቪል ከተማ አለፍ ብሎ አንድ የክርስቲያን ሚሽን እርሻ አለው፤ ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር እያመረተ ለችግረኞች በነፃ ያድላል፣ በበጎ ፈቃድ ለሚያገለግል ሰው ደግሞ መኝታና ምግብ ይሰጣል። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ደውለው አመቻቹ። ወንድሜ በመኪናው አደረሰኝና ሻንጣዬን አውርዶ «ይሄ ላንቺ ብሌሲንግ ነው፣ ታያለሽ» አለኝ። ሞተሩን እንኳ አላጠፋም።

አባቴ የሆለታ ገበሬ ነበሩ። ትምህርት ቤት የላኩኝ ጭቃ እንዳልነካ ነበር፤ አሜሪካ ድረስ ሄጄ ካሮት እንደማጥብ ስነግራቸው ስልኩ ውስጥ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። በየእሁዱ እደውልላቸዋለሁ። መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው።

«ለመድሽ ወይ?»

«እየለመድኩ ነው አባባ።»

«እየለመድኩ ነው ማለት አልለመድኩም ማለት ነው። ስትለምጂ ንገሪኝ። እስከዚያ እኔም እንቅልፍ የለኝም።»

ይህን የሚሉት እየቀለዱ ነው፤ ግን እናቴ እውነት እንደማይተኙ ነግራኛለች። ልባቸው ታሞ ነበር። ስለዚህ «ለመድኩ» የምትለዋ ቃል ዕዳ ሆነችብኝ። ዋሽቼ ልላቸው አልፈለግሁም፤ ብዋሽም ከድምፄ ያውቁታል።

አልለመድኩም ነበር። የእርሻው ኃላፊ ስድሳን ያለፈች፣ ረጅም፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች አሜሪካዊት ናት። በመጣሁ ማግስት የማጠቢያው ገንዳ ላይ አቆመችኝና እዚያው ረሳችኝ። የጥቅምት ውሃ አጥንት ይቆረጥማል። ያጠብኩትን ካሮት አንስታ ታያለች፣ «ጭቃ አለው» ትላለች፣ መልሳ ገንዳው ውስጥ ትጥለዋለች። ሌላ ወሬ የለንም። ሌሎቹ በጎ ፈቃደኞች ወጣቶችና አንድ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው። ምሳ ላይ ረጅሙን ጠረጴዛ ከብበው ሲሳሳቁ እኔ ጫፍ ላይ፣ ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ እቀመጣለሁ። ፈገግ ማለቱን ፈገግ ይሉልኛል። ፈገግታቸው ግን በር ላይ እንደሚለጠፍ «እንኳን ደህና መጡ» ነው፤ ለመጣው ሁሉ ነው።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ።

ኃላፊዋ ወደ ገንዳው መጣች። እጄን ከውሃው አወጣችና በራሷ ፎጣ አደረቀችልኝ። «ዛሬ ከእኔ ጋር ነሽ፤ ነጭ ሽንኩርት እንተክላለን» አለች። መጋዘኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን የሽንኩርቱን ራስ እየፈለፈልን ፍሬ ፍሬውን ለየን። ከክረምት በፊት ተተክሎ፣ ገለባ ለብሶ በረዶውን ተኝቶ ያሳልፍና በፀደይ ይበቅላል አለችኝ። አባባ ይህን ቢሰሙ እንዴት እንደሚስቁ አሰብኩ። የልቤን ያወቀች ይመስል «ስለ አባትሽ ንገሪኝ» አለችኝ።

ደስ አለኝ፤ ስለ ቤተሰቤ የጠየቀኝ አልነበረም። ጃርት ድንቹን እንዳይጨርስ ብለው ማሳው ውስጥ ጋቢ ለብሰው ያደሩትን ነገርኳት። ጠዋት ሲነሱ ጃርቱ ሌላውን ሁሉ ትቶ በራስጌያቸው ያለውን ድንች በልቶ ሄዷል። ተነስቼ እሳቸውን እየሆንኩ፣ ዓይኔን እያሸሁ፣ የተቆፈረውን መሬት በንቀት እያየሁ አሳየኋት። ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞላ። ቀልዴ ያን ያህል ያስቃል እንዴ ብዬ ኮራሁ።

ምሳ ላይ ወንበር ጠበቀኝ፤ መሃል ላይ። አንዷ ወጣት የሱፍ ጓንቷን አውልቃ ሰጠችኝ። ጡረተኛው ባል የፖም ኬክ ጋግረው መጀመሪያ ለእኔ ቆረሱ። በጠዋቱ ጸሎት አንዱ «ስለ እህታችንና በሩቅ ስላሉ ቤተሰቦቿ» ብሎ ጸለየ። እንዲህ እያልን ሳምንቱን ሙሉ ተከልን፤ ጣት አስገብቶ መቅበር፣ አፈር መመለስ፣ ገለባ ማልበስ። ወገቤ ተቆረጠ፣ ግን እንደዚያ ሳምንት በዚህ አገር ደስ ብሎኝ አያውቅም። እንግዲህ ሰው ሆንኩ አልኩ።

ለአባባ መናገር አለብኝ። እሁድን መጠበቅ አቃተኝና ደወልኩ፤ አይነሳም። የእናቴ ስልክ ዝግ ነው። ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«ኔትወርኩ ዳውን ነው፤ የዚያ አካባቢ በሙሉ» አለኝ። «እኔም ኮል አድርጌ እምቢ ብሎኛል። አትጨነቂ።»

«ለመድኩ ልላቸው ነበር እኮ።»

«ሺፍት ልገባ ነው» ብሎ ዘጋው። አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ የእንግዶችን መኪና እየተቀበለ ያቆማል፤ ሁልጊዜ ሺፍት ሊገባ ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ በእርሻው በር መኪኖች ተከታትለው ገቡ። ወንድሜ፣ ሚስቱ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ ፓስተሩና ባለቤታቸው ወረዱ፤ ከአሌክሳንድሪያ ድረስ የመጡም ነበሩ። ሊጠይቁኝ መጡ ብዬ ፈነደቅሁ። በጭቃ እጄ ሰላም አልኳቸውና «ኑ፣ የተከልኩትን ላሳያችሁ!» ብዬ ቀድሜ ሄድኩ። ተከተሉኝ። ጥቁር ለብሰው፣ የክት ጫማቸው ጭቃ እየነካው፣ አንድም ሰው አፉን ሳይከፍት ተከተሉኝ። እኔ ከፊት ከፊት ስለ ነጭ ሽንኩርት አስረዳለሁ። የፓስተሩ ባለቤት ክንዴን ያዝ ሲያደርጉኝ ነው ዞር ብዬ ልብሳቸውን ያየሁት።

«አባባ ናቸው?» አልኩ።

ወንድሜ መሬት መሬቱን አየ።

«መቼ?»

«ሰኞ» አለ።

የአገሬን መርዶ አውቃለሁ። ጎህ ሳይቀድ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ ነው። አንድ ሌሊት ቢደበቅ ነው። «ለምን እስከ ዛሬ?» ብዬ ጮህኩበት።

«ሰዉ ሥራ ላይ ነው እኮ» አለ። «ሁሉም ኦፍ የሚሆነው ቅዳሜ ነው። ብቻሽን ልትሰሚ ነበር?»

የሞተው ባልሽ፣ የገደለው ወንድምሽ ይላሉ። የእኔ ሟች አባቴ፣ ደባቂው ወንድሜ። መርዶዬ በሰው ሺፍት ተቀጥሮ ቆየኝ፤ ለጥርስ ሐኪም እንደሚያዝ ቀጠሮ። ገለባው ላይ ቁጭ አልኩ። ሴቶቹ ከበው ያዙኝ። በመካከላቸው አሻግሬ መጋዘኑን አየሁ። ኃላፊዋ፣ ወጣቶቹ፣ ባልና ሚስቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተደርድረው ቆመዋል። ማንም አልደነገጠም። ማንም «ምን ሆነች?» ብሎ አልሮጠም። ያን ጊዜ ኬኩ፣ ጓንቱ፣ ወንበሩ ሁሉ ምን እንደሆነ ገባኝ።

ከሶፋው ያስነሳኝ ቤት ሶፋው ላይ አስቀምጦ አስተዛዘነኝ። መዝሙር ተዘመረ፣ «ጌታ ያጽናሽ» ተባለ፣ ከዊተንም ከየትም ሰው መጣ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። የወንድሜ ዓይን ግን ደረቅ ነበር፤ እሱ ሰኞ ዕለት አልቅሶ ጨርሷል። ሐዘናችን እንኳ አብሮ መሆን አልቻለም፤ ይህን ይቅር አልኩህ ብየዋለሁ፣ ይቅር ግን አላልኩትም።

ወደ እርሻው ስመለስ ኃላፊዋን ጠየቅኋት።

«ወንድምሽ ሰኞ ደወለ» አለች። «ባህላችን ነው፣ እንዳትነግሯት፣ ብቻዋንም አትተዉአት አለን። ትክክል አልመሰለኝም። ግን ባህላችሁ ከሆነ እኔ ማን ነኝ?»

«ስለ አባቴ ስትጠይቂኝስ?»

«ሌላ ምን ላደርግልሽ እችል ነበር?»

አባባ ሞተው ሳለ እኔ እየተነሳሁ እሳቸውን ሆኜ አሳይቻታለሁ፤ እሷም ስቃልኛለች። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ ያ ሁሉ ክብር የአባቴ ነበር፣ እኔ ለብሼው ነው የዋልኩት። ወደ ገንዳዬ ተመለስኩ። ወንበሬም ቀስ በቀስ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ተመለሰ፤ በክፋት አይደለም፣ ሐዘኑ ስላለቀ ነው። አንድ ቀን ኃላፊዋ ካሮቴን አንስታ አየች፣ «ጭቃ አለው» ብላ ገንዳው ውስጥ ጣለችው። እፎይ አልኩ። ቤተሰቤ ሁሉ ደህና ነው ማለት ነው።

በረዶው ሲቀልጥ ነጭ ሽንኩርቱ ገለባውን እየበሳ ወጣ። አረንጓዴ፣ ቀጥ ያለ፣ አባባ ሊያምኑት የማይችሉት። ጎንበስ ብዬ ሳርም ኃላፊዋ በሁለት ኩባያ ሻይ ይዛ መጣች። «ደክሞሻል፣ ትንሽ ተቀመጪ» ብላ አንዱን ሰጠችኝ፤ ትከሻዬንም ነካ አደረገችኝ። ኩባያውን መደቡ ላይ ትቼ ወደ አጥሩ ሮጥኩና እናቴ ጋ ደወልኩ። አነሳች።

«እማዬ፣ ማን ሞተ?»

«በኢየሱስ ስም! ማንም አልሞተም። ምነው ልጄ?»

ሻይ ሰጡኝ እንዴት ልበላት?

«ምንም፤ ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።»

የአባባን ቦታ የያዘች ይመስል፣ «ለመድሽ ወይ?» አለችኝ።

«ለመድኩ» አልኳት፤ ከዚያም ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አክስቶቼን፣ አጎቶቼን፣ ጎረቤቱን ሁሉ አንድ በአንድ፣ ደህና ነው ወይ፣ ደህና ናት ወይ እያልኩ ጠየቅኋት።