እንጦጦ ላይ የተደበቀው የብስኩት ቆርቆሮ

ግርማይን የማታውቁት ካዛንቺስ ውስጥ ፍሪጅ ተበላሽቶባችሁ ስለማያውቅ ነው። አዲግራት ተወልዶ፣ በጉብልነቱ መጥቶ፣ ሰፈራችን በአንዲት ጠባብ ሱቅ ፍሪጅ ሲጠግን የጎለመሰ ሰው ነው። የእህቴ የጽገረዳ ባል ነው። ድሮም ወሬ አይወድም፤ እሷ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ዘጋ። ብላ ሲሉት ይበላል፣ ተነስ ሲሉት ይነሳል። ምን ብትሉት መልሱ «በቃ፣ እሺ» ነው። ለቅሶው ላይ እንኳ አንዲት ዕንባ ጠብ አላለችውም፤ ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰምቼ ልክ ልካቸውን ነገርኳቸው።

እኔን ያናደደኝ ዕንባው አይደለም። ለልጆቹ መሞቷን አለመንገሩ ነው። ጽገረዳ ለሕክምና ሕንድ ሄዳ እዚያው ነው ያረፈችው። አስከሬኗ ሲመጣ ልጆቹን ቄራ አጎታቸው ቤት ሸሸግናቸው፣ ድንኳኑ ሲነሳ መለስናቸው። መርዶ ለአዋቂ እንኳ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተመርጦ ነው የሚነገረው፤ ለሰባትና ለአምስት ዓመት ልጅ ማን ደፍሮ ይንገር? ለጥቂት ቀን ብለን የደበቅነው ነገር ክረምት ገብቶ ወጣበት። ሃይለአብና ሉሊ እናታቸው ሕንድ ተኝታ እየታከመች ነው የሚመስላቸው። ጎረቤቱ ሁሉ፣ ባለሱቁ ሳይቀር፣ «እማዬ ተሻላት?» እያለ ያጫውታቸዋል። እኔን ያንገበግበኝ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ነገ አንዱ ባለጌ መንገድ ላይ ይነግርልሃል እያልኩ ስጨቀጭቀው «እሺ፣ እነግራቸዋለሁ» ይላል። አይነግራቸውም።

በመጨረሻ ሰበብ የሆነን ቆርቆሮው ነው። ጽገረዳ ቢሮ ከፈረንጆች ጋር ስለምትሠራ ጂኦካሺንግ የሚሉትን ጨዋታ ከነሱ ለምዳ ነበር። አንድ ዕቃ ትደብቃላችሁ፣ ቦታውን ስልክ ላይ ትመዘግባላችሁ፣ ሌላው ሰው በስልኩ እየተመራ ይፈልገዋል። ያገኘው ከውስጡ አንድ ነገር ወስዶ የራሱን ይተካል። በቃ፣ የትልልቅ ሰዎች ድብብቆሽ በሉት። ከመሄዷ በፊት ልጆቿን ይዛ እንጦጦ ወጥታ፣ የየራሳቸውን ዕቃ አስመርጣ፣ የራሷንም ጨምራ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ደብቃው ነበር። ሉሊ ካልሄድን ብላ መከራችንን አበላችን። ግርማይን ለብቻው ጠርቼ፣ ቆርቆሮው ሲገኝ፣ የእናታቸውን ዕቃ በእጃቸው እንደያዙ እዚያው ትነግራቸዋለህ አልኩት። እሺ አለ። አላመንኩትም፤ አብሬ ሄድኩ።

እሁድ ጠዋት በታክሲ አራት ኪሎ፣ ከዚያ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ በእግር ሽቅብ። ሃይለአብ የእናቱን ስልክ ይዞ ከፊት ይመራል፤ ሉሊ ስትደክም አባቷ ትከሻ ላይ ትወጣለች። ግርማይ ሲሄድ ለተላላኪነት የተቀጠረ ሰው ይመስላል፤ ግራ ሲሉት ግራ፣ ቀኝ ሲሉት ቀኝ። እኔማ ጉልበቴ አልቆ እንጦጦንም ፈረንጆቹንም እረግማለሁ።

ስልኩ ያደረሰን አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ሥር ነው። ቆርቆሮው ላይ የተከመረው ድንጋይ ተበትኗል። ሃይለአብ አፈሩን በእጁ ጫረ፣ ጫረ፤ ምንም የለም። ግርማይ «ከሌለ በቃ፣ እንመለስ» አለ። ደስ ያለው መሰለኝ። ማለቴ፣ ደስታ እንኳ አይባልም፤ ብቻ ተገላገልኩ ያለ መሰለኝ። ደሜ ፈላ።

ልጆቹ ፊት ምን እንደምለው ሳስብ፣ የደኑ ጥበቃ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ደጋጋ ይባላሉ፣ ሽማግሌ ናቸው። ምን ጠፋባችሁ ቢሉን የብስኩት ቆርቆሮ አልኳቸው። አማተቡ።

ቆርቆሮውን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ከፍተው ቢያዩ ጨሌ፣ ቁልፍ፣ ፀጉር የተጠመጠመበት የልጅ ፀጉር ማሰሪያ፣ ደግሞም የአራት ሰው ስም የተጻፈበት ወረቀት። ዛፍ ሥር ፀጉርና ስም የሚቀብር ምን ዓይነት ሰው ነው? መተት ነው ብለው በዱላቸው ጫፍ አንጠልጥለው ቤተክርስቲያን ወሰዱት፤ ቄሱ ጠበል ረጭተው አቃጠሉት። ሳቄ መጣ። ግን ምን ብዬ ልፍረድባቸው? እኔም ባገኘው እሱኑ ነበር የማደርገው።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ወረቀቱ ላይ ያሉት ሰዎች ክፉ የታሰበባቸው ምስኪኖች ናቸው ብለው ስማቸውን ለቄሱ ሰጥተው ጸሎት ያስደርጉላቸዋል፤ ሽማግሌው ራሳቸውም ጠዋት ጠዋት ይጸልዩላቸዋል። በቃላቸው ያዙት እኮ። ጽገረዳ፣ ግርማይ፣ ሃይለአብ፣ ሉሊ ብለው ቆጠሩልን።

«ታውቋቸዋላችሁ እንዴ ልጄ?» አሉት ግርማይን። «አራቱም ደህና ናቸው?»

እኔ አፌን ከፍቼ ነበር። ቀደመኝ።

«ሦስታችን ደህና ነን፣ አባቴ። ጽገረዳ ሞታለች።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ግርማይ ቁጢጥ ብሎ ወደ ልጆቹ ዞረ፤ እናታችሁ ሕንድ ሳለች ሞታለች፣ እዚህ አምጥተን ቀብረናታል፣ ከእንግዲህ አትመጣም አላቸው። ድምፁ አልተሰበረም። ፍሪጁ አይሠራም ብሎ ለባለቤቱ እንደሚነግረው አድርጎ ነገራቸው። ሃይለአብ መጥቶ ቀሚሴ ውስጥ ተሸጉጦ አለቀሰ፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ።

ሉሊ አላለቀሰችም። እግሯን አየች።

«ታዲያ ይሄን ጫማ ከሕንድ ማን ላከልኝ?»

«እኔ ነኝ» አለ ግርማይ። «ከመርካቶ ነው የገዛሁት።»

ሉሊ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን መፍታት ጀመረች። ቋጠሮው እምቢ ሲላት ግርማይ ተንበርክኮ ፈታላት።