ቆመጡ እኔ እጅ የገባ ዕለት

ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ በር ላይ ፓፓያ እሸጣለሁ። አምና አንድ ወጣት ፖሊስ «ተነሺ» ብሎ ትከሻዬን በቆመጥ መታኝ። «ስምህን ንገረኝ፣ እከስሃለሁ» ስለው ሳቀብኝ። እኔ ግን ከሰስኩት፤ ተቀጣና ሥልጠና እንዲገባ ተደረገ።

በቀደም ፖሊሶቹ የሚሠለጥኑበት አዳራሽ ጠሩኝ። አሠልጣኙ ጉድ አመጣ፤ እኔ ፖሊስ፣ ያ የመታኝ ደግሞ ፓፓያ ሻጭ ሆነን እንድንጫወት አዘዘ። ቆመጥ አስጨበጡኝ። እሱ ነጠላዬን አገልድሞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አዳራሽ ሙሉ ፖሊስ ያየኛል፤ በዚያ ላይ ሙቀቱ አይጣል ነው። «ተነስ» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ጠበቅ ያድርጉት እንጂ እትዬ» አሉኝ ከኋላ።

ያኔ ትከሻዬ ትዝ አለኝ፤ ጨዋታ መሆኑንም ረሳሁት። «ተነስ ብዬሃለሁ» ብዬ ቆመጡን ሽቅብ አነሳሁ።

ፖሊሱ አልሸሸም። ቀና ብሎ አየኝና «መምታት አይችሉም። ስምዎን ይንገሩኝ፣ እከስዎታለሁ» አለኝ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አሠልጣኙ ደስ ብሎት ይህን የትኛው ትምህርት ላይ እንዳገኘው ጠየቀው።

ፖሊሱ ከነነጠላዬ ብድግ አለና እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ «ከእሳቸው ነው» አለ።